ወርቅ በሌለበት ወንዝ ወርቅ ማጠብን መማር

(ወርቅ ፍለጋን በትርፍ ጊዜያቸው ለመጀመር ለሚያስቡ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች የቀረበ ንግግር በጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ። አንድ ነገር ከመጀመሪያው ተነግሮ ይለቅ፦ ቦርከና ውስጥ ለፍለጋ የሚያበቃ ወርቅ የለም። ይህን ሰምታችሁ ለመነሣት የቃጣችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡ፤ አብዛኛው የዛሬ ንግግር ስለዚሁ ስለ ቦርከና ነው።

ወርቁ ለምን የለም? ከጦሳ ተራራ ጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ ሜዳ ድረስ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በስንጥቅ እየወጣ አገሩን ያለበሰ ላቫ ነው፤ በሰሜኑ ደጋ በብዙ ቦታ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ወርቅ ያለው ግን ከዚህ እጅግ በሚያረጀው፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረው መሠረት ዐለት ውስጥ ነው። ያ ዐለት በጉጂ ሻኪሶና አዶላ፣ በአሶሳና በመተከል፣ በጋምቤላ ዲማ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ከመሬት በላይ ይታያል። እኛ ዘንድ ከባዛልቱ ሥር፣ ከዚያም በታች ካሉት የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ንብርብሮች ሥር ተቀብሯል። ወንዝ የሚያመጣው ደግሞ የቆረጠውን ብቻ ነው፤ ቦርከና የሚቆርጠው ባዛልት ስለሆነ የሚሰጠን የባዛልት አሸዋ ነው። ወሎ የራሱ ማዕድን የለውም ማለት ግን አይደለም። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደላንታ ወገል ጤና ላይ የተገኘው ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ዓለም የሚያውቀው ነው። እሱ ግን በገደል ላይ ያለ ስስ ንብርብርን እየፈለፈሉ የሚገቡበት ሥራ በመሆኑ ለትርፍ ጊዜ የሚመከር አይደለም፤ እንለፈው።

ታዲያ ቦርከና ለምን? ወርቅ ማጠብ የእጅ ሙያ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው አሶሳ ድረስ ሄዶ የመጀመሪያውን ገበቴ ያጥብና ምንም አላገኘሁም ቢል፣ ወንዙ ባዶ ስለነበረ ይሁን የራሱ እጅ ስለደፋው በምን ያውቃል? በምንም አያውቅም። ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ አሸዋ ውስጥ ግን እኛው ቆጥረን አሥር ቅንጣት ከጨመርን፣ ስንት ገብቶ ስንት እንደወጣ እናውቃለን። ለጀማሪ ወርቅ የሌለበት ወንዝ ወርቅ ካለበት ይሻላል። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ። አንድ ሲሲ ውኃ 1 ግራም ነው። አንድ ሲሲ ኳርትዝ (ነጣ ያለው የአሸዋ ማዕድን) 2.65፣ ባዛልት 2.9 ገደማ፣ ማግኔታይት የሚባለው ማግኔት የሚስበው ጥቁር ማዕድን 5.2፣ እርሳስ 11.3፣ ንጹሕ ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል። ውኃ ውስጥ ሲገቡ ከእያንዳንዱ ላይ አንድ ግራም ይቀነሳል። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ወርቅ ከኳርትዝ 11 እጥፍ፣ ከማግኔታይት ደግሞ 4 እጥፍ ከሲሶ ያህል ይከብዳል። እርሳስ ማግኔታይትን የሚበልጠው ግን 2 እጥፍ ተኩል ብቻ ነው። የቦርከና አሸዋ ነጣ ያለ የኳርትዝ አሸዋ አይደለም፤ ባዛልቱ ራሱ ከባድ ነው፣ ከሱ የተፈለፈለው ማግኔታይትም ሞልቶታል። እንግዲህ በቦርከና ጥቁር አሸዋ ውስጥ እርሳስን ሳይደፋ ማስቀረት የቻለ እጅ፣ በኳርትዝ አሸዋ ውስጥ ወርቅ አያመልጠውም። ልምምዱ ከእውነተኛው ሥራ ይከብዳል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ዋናው ማጠቢያው ነው። በወርቅ አገር ብዙዎች የእንጨት ገበቴ ይጠቀማሉ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የብረትና የፕላስቲክ አለ። ለጀማሪ የሚስማማው አፉ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር፣ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ቀጥ ያላለ ዘመም ያለ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ካልተገኘ ይህ ቅርጽ ያለው የቆርቆሮ ሳህን ይሠራል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ድስት ግን አይሆንም፤ ቀላሉ አሸዋ የሚወጣበት ዘመም ያለ መንገድ የለውም። ሳህኑ አዲስ ከሆነ የፋብሪካ ዘይት አለበት፤ የማዕድ ቤት ከሆነ ደግሞ የወጥ ቅባት። ሁለቱም ጠላት ናቸው፦ ደቃቅ ወርቅ ቅባት ሲነካው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ብረት ከሆነ እሳት ላይ አድርጋችሁ ቅባቱ ጢሱ እስኪያልቅ አቃጥሉት፣ ቀዝቅዞ በአመድና በአሸዋ ፈትጉት። ፕላስቲክ ከሆነ ውስጡን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሻክሩትና በሳሙና እጠቡት። እጅም እንደዚያው ነው። ምሳ በልቶ፣ ወይም ፀጉር ቅቤ ተቀብቶ በነካ እጅ ገበቴ አይያዝም።

ከዚያ ሁለት ወንፊት፦ አንዱ ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ (የዶሮ ሽቦ በእንጨት ክፈፍ ላይ መምታት ይበቃል)፣ ሁለተኛው 2 ሚሊ ሜትር። ሁለት ባልዲ፣ 60 ሊትር ገደማ የሚይዝ ትልቅ ሳፋ፣ መርፌው የወጣለት ባለ 10 ሲሲ ስሪንጅ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ግራምን እስከ መቶኛ የሚያነብ ሚዛን። ማግኔት ከተበላሸ ስፒከር ይፈታል፤ ኃይለኛ ነው፣ በነጻም ይገኛል። ምንጊዜም በፌስታል ጠቅልላችሁ ተጠቀሙበት፤ ራቁቱን ጥቁር አሸዋ ውስጥ የገባ ማግኔትን ማጽዳት ከማጠቡ በላይ ጊዜ ይፈጃል።

እርሳሱ የሚገኘው ከጎሚስታ ነው። ጎማ ሲመጣጠን ቸርኬው ላይ የሚመታው ቁራጭ ብዙ ጊዜ እርሳስ ነው፤ አሁን አሁን ግን ዚንክና ብረትም አለበት። ማግኔት የሳበው ብረት ነው፣ ይጣል። ሚስማር በቀላሉ የሚቧጥጠውና ወረቀት ላይ ግራጫ መስመር የሚያሰምረው እርሳስ ነው፤ ደረቅ ብሎ እምቢ ያለው ዚንክ ነው። እርሳሱን በመቀስ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር በሆነ መጠን ቆርጣችሁ በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርጉት፤ የወንዝ ወርቅም ጠፍጣፋ ነውና። አሥር ቁጠሩ። እርሳስ መርዝ ነው፦ ጓንት አድርጉ፣ በእሳት አታቅልጡት፣ ከመኪና ባትሪ አታውጡት፣ ልጆች ከሚደርሱበት አርቁት። ልምምዱም በሳፋ ውስጥ እንጂ ወንዝ ውስጥ አይደረግም። ለዚህ ሥራ የዋለ ሳህንም ሳፋም ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም።

አሸዋው ከየት ይምጣ? ከኮምቦልቻ ከተማ በታች ካለው የወንዙ ክፍል አይሁን። የፋብሪካ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከና ይገባል፤ የከባድ ብረቶች ብክለት መኖሩም በጥናት የታየ ነው። ከደሴ ሥርም የከተማ ቆሻሻ አለበት። ከመንደርና ከፋብሪካ በላይ ከሆነ ገባር አንድ ሁለት ባልዲ ቅዱ፤ ከመቅዳታችሁ በፊት ቀበሌውን ወይም የመሬቱን ባለቤት ጠይቁ፣ አሸዋ ራሱ በፈቃድ የሚወጣ የኮንስትራክሽን ማዕድን ነው። እሱም ካልተመቸ ለግንባታ ከተራገፈ አሸዋ አንድ ባልዲ መግዛት ይቻላል። ወንዝ ለወንዝ ስትሄዱ ቦት ጫማና ረዥም ጓንት አይቅር፤ በኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባለው ሞቃት አገር ቢልሃርዝያ አለ፣ ውኃው ውስጥ ቆሞ ቆዳን በሚያርስ ሥራ ደግሞ በቀላሉ ይይዛል።

አሁን ወደ ማጠቡ እንግባ። በሰፌድ ያበጠረና ያንገዋለለ ሰው ግማሹን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ሰፌድ ላይ ቀላሉን ነፋስ ሲወስደው እዚህ ውኃ መውሰዱ ነው። ማንሣትና መወርወር ግን የለም፤ ገበቴው ከውኃ ሥር ነው የሚንቀሳቀሰው።

አሸዋውን መጀመሪያ በትልቁ፣ ከዚያ በትንሹ ወንፊት አሳልፉ። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን እስከ ገበቴው ሦስት አራተኛ ሙሉ። አሥሩን እርሳስ ከላይ ሳይሆን መካከል ቅበሩ። ሳፋውን ሁለት ሦስተኛ ውኃ ሙሉና አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት፤ ሳሙናው የውኃውን ገጽ ያላላዋል፣ ደቃቅ ቅንጣት መንሳፈፉን ይተዋል። አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ግን አይብዛ።

ገበቴውን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ አጥልቃችሁ በሁለት እጅ አሸዋውን አሹ፤ የጭቃ እብጥ አንድም እንዳይቀር። ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፣ የኛ አገር ጭቃ ደግሞ ዋልካ ነው። ያልሟሟ የዋልካ እንክብል አሸዋው ላይ ሲንከባለል ቅንጣቱን አጣብቆ ይዞት ይወጣል። ዋልካ የበዛበት አሸዋ ከሆነ ሌሊቱን በባልዲ ውኃ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት በእንጨት ይማሰል፣ ድፍርሱ ይደፋ፣ ውኃው ኩል እስኪመስል ድረስ ይደጋገም።

ቀጥሎ ገበቴውን ከውኃው ሥር ሳይዘነብል ደልደል አድርጋችሁ ያዙና ወደ ግራና ወደ ቀኝ በኃይል ነቅንቁ፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ። ማዞር አይደለም፣ መነቅነቅ ነው። ሲነቀነቅ አሸዋው እንደ ፈሳሽ ይላላል፣ ከባዱ በመካከሉ እየሰረገ ታች ይወርዳል። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ላዩን ማስወገድ ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ መነቅነቁን ትቶ ማዞር ይወዳል፣ ለዓይን ስለሚያምር። የሚዞር ውኃ ግን ከባዱን ታች ከማስገባት ይልቅ ዙሪያውን ይዞት ይሄዳል።

ከነቀነቃችሁ በኋላ የፊተኛውን ከንፈር ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ አሸዋው ከንፈሩ ጫፍ ላይ ደርሶ እንዳይፈስ የሚቆምበትን ያህል። ገበቴውን ውኃው ውስጥ ጠልቆ ወጣ እያደረጋችሁ ውኃው ላዩን ብቻ ጠርጎ እንዲሄድ አድርጉ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ወዲያው እንደገና ደልደል አድርጉና ነቅንቁ። ሰው የሚሳሳተው ሦስቱ አሥር ሲሆን ነው፦ ላዩ ከሄደ በኋላ የሚጋለጠው ንብርብር ገና ያልተለየ ስለሆነ የሚፈሰው ከባዱም ጭምር ነው። ነቅንቅ፣ ጥረግ፣ ነቅንቅ፣ ጥረግ። የመጀመሪያው ግማሽ በፍጥነት፣ የመጨረሻው ሩብ በዝግታ ቢሆን ጥሩ ነው። ለጀማሪ አንድ ገበቴ 15 ደቂቃ ቢፈጅ አያሳፍርም።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ጥቁር አሸዋ ሲቀር ከሳፋው ውጡ። ገበቴው ውስጥ አንድ ስኒ የሚሆን ንጹሕ ውኃ አድርጉና አሁን ቀስ ብላችሁ አንገዋልሉ፤ ውኃው አሸዋውን በገበቴው ታች እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል። ከባዱ ከሁሉ ኋላ ይቀራል። እርሳሱ እዚያ ጅራቱ ላይ ተሰልፎ ይታያል፤ ወርቅ ቢሆንም ቦታው ያው ነው። በስሪንጁ እየመጠጣችሁ ወደ ብልቃጡ። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከአሸዋው በላይ አንዣብቡት፣ የሳበውን ወደ ሌላ ሳህን ወስዳችሁ ማግኔቱን ከፌስታሉ በማውጣት ጣሉት። የተሳበው ጥቁር አሸዋ ሲጣበቅ በመካከሉ ሌላ ቅንጣት አቅፎ ይወጣል፤ ስለዚህ ያንኑ ክምር ዘርግታችሁ ማግኔቱን ለሁለተኛ ጊዜ አሳልፉበት፣ የቀረውን ወደ ገበቴው መልሱ።

ቁጠሩ። አሥር ከሆነ መልካም። ሰባት ከሆነ ሦስቱ ሳፋው ታች አሉ፤ የሳፋ ልምምድ ከወንዝ የሚበልጠው እዚህ ጋ ነው። ዝቃጩን እንደገና አጥባችሁ አውጧቸው። የጠፉት ሁሉ ጠፍጣፋና ትንንሾቹ ከሆኑ መነቅነቁ አንሷል፤ ትልልቆቹም ከጠፉ ገበቴውን ከመጠን በላይ አዘንብላችኋል። አንድ ላይ ሁለት ሦስት ሆነው ጭቃ ውስጥ ከተገኙ ዋልካው አልሟሟም። በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሥሩም ሲወጡ እርሳሱን ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር አሳንሱና እንደገና ጀምሩ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል፤ ሳፋው ግን ያበደራችሁትን እርሳስ በቁጥሩ ልክ ይመልሳል፣ እጃችሁ ካልደፋው።

እጅ ከተስተካከለ በኋላ ያለው ሙያ ማንበብ ነው፤ ማለትም ወንዙ ከባዱን ነገር የት እንደሚጥል ማወቅ። ቦርከና ለዚህም ያስተምራል። ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ቁልቁለቱ በአንዴ ይቀንሳል፣ ውኃው ይደክማል፣ ሸክሙን ያራግፋል። ማግኔታይት ከባድ ስለሆነ ወርቅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ወርቅ በሌለበት ወንዝ ላይ ማግኔታይትን መፈለግ ይቻላል፦ ማግኔት ይይዘዋል፣ ሚዛን ይለካዋል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። በአንድ መታጠፊያ ላይ አራት ቦታ ምረጡ፦ በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን የተከመረው አሸዋ ራስጌ፣ የዚያው ክምር ግርጌ፣ ውጨኛው ጎን፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ። ከእያንዳንዱ ከላዩና ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ እኩል 5 ሊትር ውሰዱ። በየፌስታሉ ላይ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ጻፉ፤ የስልካችሁን የቦታ ቁጥርም መዝግቡ። ቤት አድርቃችሁ በማግኔት አውጡና መዝኑ። እርጥብ አሸዋ ከተመዘነ ውኃው ሚዛኑን ያበላሻል፣ መጠኑ እኩል ካልሆነም ማወዳደር አይቻልም። ከውስጠኛው ክምር ራስጌውና የድንጋዩ ጀርባ እንደሚበልጡ፣ ጥልቁም ከላዩ እንደሚበዛ ራሳችሁ ታያላችሁ። ካልሆነ ወንዙ በቅርቡ መንገድ ቀይሯል፣ ወይም አሸዋ አውጪዎች አገላብጠውታል ማለት ነው። ይህም መማሪያ ነው።

ወርቅ አገር ስትደርሱ የምታደርጉት ይህንኑ ነው፤ ግራም በመመዘን ፈንታ ቅንጣት ትቆጥራላችሁ። ሁለት ወንዝ በሚገናኝበት ቦታ ከሁለቱም እኩል መጠን ታጥባላችሁ፣ ቅንጣት የበዛበትን ተከትላችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። በድንገት ቅንጣቱ ካለቀ ምንጩን አልፋችሁታል፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ዳገቱን ፈትሹ። ቅንጣቱ ክብ ለስላሳ ከሆነ ከሩቅ መጥቷል፣ ሸካራና ባለ ማዕዘን ከሆነ ቅርብ ነው። ወንዙን አቋርጠው የተሰነጠቁ ዐለቶች፣ ጠጠሩ ሥር ያለ ጠንካራ የሸክላ አፈር ላይ ያለው ንብርብር፣ የጎርፉ ከፍታ ላይ ያለ የሣር ሥር፣ እነዚህ ሦስቱ መጀመሪያ የሚታዩ ናቸው። ሸክላውን አትብሱት፤ ወርቁ ላዩ ላይ ቆሟል።

ስለ ወቅቱ ትንሽ። ክረምት ወንዙ አዲስ ሸክም የሚያመጣበት እንጂ የሚታጠብበት ጊዜ አይደለም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ውኃው ቀንሶ ክምሮቹ የሚገለጡበት ነው። ወሎ ላይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ አለ፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ እያለ ደሴ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ ዕቃ አትሰብስቡ፣ ውጡ።

ሕጉን በተመለከተ አጭር ነው፣ ግን አይታለፍም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የቅኝት፣ የምርመራ፣ የባህላዊ ማምረትና ሌሎች ፈቃዶችን ይዘረዝራል፤ «ለመዝናናት» የሚል ፈቃድ የለበትም። የባህላዊ ማምረት ፈቃድ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጥ ሲሆን የሚጠየቀውም ከክልሉ ነው። ስለዚህ ወርቅ ወዳለበት አገር በትርፍ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቀላሉ መንገድ ፈቃድ ካላቸው ባህላዊ አምራቾች ጋር በእንግድነት መሥራት ነው፤ የወጣው ወርቅም የነሱ መሆኑን አስቀድሞ ተስማምቶ። ለነሱ እንጀራ ነው፣ ለእናንተ ጨዋታ። ጉድጓዳቸው ውስጥ ሳይጠሩ አለመግባት፣ ከላይ ሆኖ ውኃቸውን አለማደፍረስ፣ ስላዩት ነገር ከተማ ገብቶ አለማውራት ነውር የማያስገባ ጠባይ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጠልቆ ግድግዳው ያልተደገፈ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ቢጠሩም አትግቡ፤ ከዝናብ በኋላማ በጭራሽ።

ከአዳራሹ ከተነሡት ጥያቄዎች ለብዙዎች የሚሆኑትን ከነመልሳቸው እናስቀምጣለን።

በቀን ስንት ግራም ይገኛል? በስሌት እንየው። አንድ ገበቴ 4 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ አንድ ሜትር ኩብ ጠጠር ማለት 250 ገበቴ ነው። በሜትር ኩቡ ግማሽ ግራም ወርቅ ቢኖር በገበቴ 2 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የለመደ ሰው በሰዓት 10 ገበቴ ያህል ቢያጥብ 20 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ አንድ ግራም ለመሙላት 50 ሰዓት። ጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ የወርቅ ቅንጣት 19 ሚሊ ግራም ነው፣ 52ቱ አንድ ግራም ይሞላሉ። ጎኑ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 6,500 ቅንጣት ያስፈልጋል። የቤት ወጪ በዚህ እሸፍናለሁ ያለ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ።

የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ብገዛስ? ለጀማሪ አይመከርም። ባዛልት በማግኔታይት የተሞላ ስለሆነ እኛ አካባቢ ማሽኑ ድንጋዩ ላይ ሁሉ ይጮኻል፤ የወንዝ ደቃቅ ወርቅን ደግሞ አይሰማም። በዚያ ላይ ከመግዛትም ከመያዝም በፊት ጉምሩክንና የጸጥታ አካልን መጠየቅ ይበጃል። መንገድ ዳር ማሽን ይዞ የሚታይ ሰው ምን እየፈለገ እንደሆነ ማስረዳት ይቸግረዋል።

«ከማዕድን ቦታ የመጣ ጥሬ ወርቅ» እያሉ የሚሸጡ ሰዎችስ? አትግዙ። ናስ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ያህል ግን መለኪያው ቀላል ነው፦ ሚዛኑ ላይ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጡ፣ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ቁራጩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ታችም ጎንም ሳይነካ አጥልቁት። ሚዛኑ ያነበበው ቁጥር የቁራጩ መጠን በሲሲ ነው። ደረቅ ክብደቱን በሱ አካፍሉ። 9.65 ግራም ቁራጭ ውኃ ውስጥ 0.50 ካሳየ 19.3 ነው፣ ወርቅ። ያው ክብደት 1.14 ገደማ ካሳየ 8.5፣ ናስ። የወንዝ ወርቅ ብር ስለሚቀላቀልበት ከ15 እስከ 19 መሆኑ አያስደንቅም። አየር አረፋ ከተጣበቀበት ቁጥሩ ይዋሻል፤ ጠብታ ሳሙና አድርጉ። ከአንድ ግራም በታች የሆነ ቁራጭ በዚህ ሚዛን አይታመንም፤ ተንግስተን የሚባለው ብረትም እፍጋቱ ከወርቅ እኩል ስለሆነ ይህ ሚዛን አይለየውም። የመጨረሻው ቃል የወርቅ ቤቱ ፍተሻ ነው። በገበቴ ውስጥ ያገኛችሁትን ትንሽ ቅንጣት ግን በመርፌ ጫፍ ጫኑት፦ ወርቅ ይጠፈጠፋል፣ ፓይራይት የሚባለው ወርቅ መሳይ ማዕድን ይደቅቃል፣ ሚካ የሚባለው አብረቅራቂ ማዕድን ይላጣል። ወርቅ ጥላ ውስጥም ቢጫ ነው፤ ሚካ ፀሐይ ሲጠልቅበት ይጠፋል።

ባዜቃስ (ሜርኩሪ) እንጠቀም? አይሆንም። ባዜቃ ወርቁን ይሰበስባል፣ ሲቃጠል ግን እንፋሎቱ በሳንባ ገብቶ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ቤት ውስጥ ከተቃጠለ ግድግዳውና ምንጣፉ ውስጥ ይቀራል። በትርፍ ጊዜ የምታገኙት ትንሽ ጥቁር አሸዋ በገበቴ፣ በማግኔትና በትዕግሥት ይለያል።

ልምምዱ ሲያልቅ የሳፋው አሸዋ የት ይደፋ? እርሳሱ በቁጥሩ ከወጣ አሸዋው ወደመጣበት ይመለሳል። አንድም ቅንጣት ከጎደለ አሸዋው አይደፋም፤ ጓሮም ወንዝም አይሄድም። አድርቁትና ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጡት፣ በሚቀጥለው ልምምድ እሱኑ እጠቡ፣ የጎደለው እስኪወጣ። የሳፋውን ውኃ ድፍርሱ እስኪጠል አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ላዩን ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ ዝቃጩን ወደ ባልዲው መልሱት።